ነጋ ቢስክሌት ያቆመ ጊዜ

በ1932 ዓ.ም. የሚያዝያ ልደታ ማኅበሩ የሚጠጣው በሠርካዲስ ቤት ነበር። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ድግሱ ቀላል ነው፤ ድፎ ዳቦ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ አንድ ጋን ጠላ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሠርካዲስ ከማለዳ ጀምራ ስትጠርግ፣ አግዳሚ ስትደረድር፣ ዋንጫ ስታጥብ ዋለች። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው መግባት ሲጀምር ግን ሐሳቧ ከድግሱ ላይ አልነበረም። ዓይኗ ከደጁ አልነቀል አለ። ነጋ ዛሬ ባይመጣ ይሻል ነበር። እንደሚመጣ ግን ታውቃለች።

ነጋን በልደታ ሰፈርም ሆነ በአብነት የማያውቅ አልነበረም። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ለአገሬው ሰው በተፈቀዱት ሦስት የቢስክሌት ውድድሮች ሁሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። አገሬው ጠዋት ይወዳደራል፤ ነጮቹ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው መንገድ፣ ለብቻቸው። የሰፈሩ ሰው የኪስ ሰዓት የያዘውን ሰው ከቦ ይቆምና ነጋ የፈጀውን ጊዜ ነጮቹ ከፈጁት ጋር እያስተያየ በሹክሹክታ ይደሰታል። «ቢያገናኟቸው!» ይባባላል። ዘንድሮ ሊያገናኟቸው ሆነ። ጣሊያኖች መንግሥታችንን ያወጅንበት ብለው በሚያከብሩት ቀን፣ ሐበሻና ነጭ በአንድ መስመር ተሰልፈው ሆለታ ደርሰው እንዲመለሱ ተነገረ። ቀኑ ግንቦት አንድ ነው፤ የልደታ ዕለት። ሰፈሩ የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ።

ባለፈው እሑድ ነጋ ከሚሠራበት የጥገና ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ «ጉልበቴ ከዳኝ። ከእንግዲህ አልወዳደርም፤ ቢስክሌት አቁሜአለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ።

እውነቱን ከሠርካዲስ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ትናንት አመሻሹ ላይ መጥቶ፣ ከደጁ ሳያልፍ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ነግሯታል። የውድድሩ ሹም አስጠርቶት ነበር። «እስከ ኮልፌ አቀበት አንተ ትመራለህ» አለው። «አቀበቱ ላይ የቢስክሌትህ ካቴና ይወልቃል። ወርደህ ስታስተካክል የእኛ ሰው ያልፍሃል። ገባህ?» ነጋ እሺ ብሎ ወጣ። በማግስቱ እያነከሰ ተመልሶ ጉልበቴ ተበላሸ አለ። ሹሙ ጉልበቱን አተኩሮ አየና ሂድ አለው።

«ታዲያ ካቴናህ ቢወልቅ ምናለ?» አለችው ሠርካዲስ። «ለእነሱ በዓል ስትነዳ ኖረህ የለም?»

«በልደታ ቀን፣ በሰፈሬ ሰው ፊት፣ ደህናውን ካቴና ቁጭ ብዬ ልጠግን እትዬ? አልችልም።»

«ኩራትህ ያስገድልሃል።»

«ይሆናል።»

«ነገ ማኅበር አትምጣ። አመመኝ ብለህ ቅር።»

«ብቀር ፈርቶ ቀረ ይላሉ። ደግሞም…» ብሎ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጽዋው ወዳለበት ጠረጴዛ ተመለከተ። «ሹሙን ዋሽቻለሁ። የሰፈሩንም ሰው ዋሽቻለሁ። ጽዋ ፊት ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። እሱን ልንገርዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሠርካዲስ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች። ማኅበርተኛው የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለችና። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ጴጥሮስ የሚባል በጣሊያኖች ቢሮ የሚጽፍ ሰው ነው። በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ለሁለት የጣሊያን ካራቢኜሪ ፖሊሶች የጎረቤታቸውን የአቶ ሙለታን በር በጣቱ ሲያሳይ በአጥሯ ቀዳዳ አይታዋለች። ሙለታ ያን ዕለት ተወሰደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ጴጥሮስ ግን ከቀብር አይቀርም፣ ከማኅበር አይቀርም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎም አያውቅም። ሹሙን አታሎ ከውድድር የወጣ ሐበሻ አለ ብሎ ወሬውን ቢያደርስ፣ ነጋን የሚጠብቀው ገመድ ነው።

የጨነቃት ነጋን ስለምትወደው አልነበረም። ባሏን ፈቃደን በየካቲት 1929፣ በዚያ የጭፍጨፋ ሰሞን፣ ከሥራ ሲመለስ ድልድዩ አጠገብ ገደሉት። ነጋን ቢስክሌት ያስተማረው ፈቃደ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ላይ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ አብሮት እየሮጠ። የፈቃደን ሬሳ ያመጣላት ደግሞ ነጋ ነው። ሬሳ ያነሣ ሁሉ በሚገደልበት ቀን፣ በራሱ በሟቹ ቢስክሌት ላይ ጭኖ፣ በጓሮ በጓሮ እየገፋ አደረሰላት። ያንን አልረሳችም። በዓመቱ ተመልሶ ቢስክሌቱን ሲለምናት፣ ግድግዳ ተደግፎ ማየቱ ስለከበዳት ሰጠችው። እሱም በዚያው ቢስክሌት በገዳዮቹ በዓል ቀን ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ያንንም አልረሳችም። ሰፈሩ ተንጋግቶ ሲወጣ አንድ ቀን ወጥታ አይታው አታውቅም። ከሏን አላወለቀችም። ስለ ፈቃደም ለማንም አታወራም፤ ሐዘኗን እንደ ቤቷ ቁልፍ ከጉያዋ አታወጣውም ነበር።

መጀመሪያ የገባው ሀብተ ማርያም ነው፤ ሰንጋ ተራ ልብስ የሚሰፋ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰውዬ።

«ጀግናችን አልደረሰም?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ገና ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ በቀስታ ይመጣል። ጉልበቱን አሞት።» ሳቀ፤ ማንም አላጀበውም። «እኔ ምለው ሠርካዲስ፣ ያን የሰፋሁለትን ካናቴራ ይመልስልኝ። ወለል እወለውልበታለሁ።»

«እኔስ?» አለች ቦሰና ከኋላው ስትገባ። ቦሰና የሟቹ የፈቃደ ታላቅ እህት ናት፤ ምላሷ ከዘነዘና ይከብዳል። «በየውድድሩ ቀን ስንቅ ስቋጥርለት የኖርኩት እኔስ? በሶውን ማን ይመልስልኛል? ጉልበቴን ይላል ደግሞ! ከትናንት ወዲያ የአብነትን ቦይ እንደ ፍየል ዘሎ ሲሻገር በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

ሠርካዲስ ጠላ ልትቀዳ እንዳጎነበሰች ቀረች። በዚህ መሐል ጴጥሮስ ከመምሬ ተክለጻድቅ ጋር ደጁ ላይ ደርሶ ነበር። መምሬ የብዙዎቹ የንስሐ አባት፣ የማኅበሩም አለቃ ናቸው። ጴጥሮስ እጅ ነሥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠና በለሰለሰ ድምፅ፣

«ዘሎ ነው ያልሽው እትዬ ቦሰና?» አለ።

«ዘሎ! ሁለት እግሩን ገጥሞ!»

«እንግዲህ እትዬ» አለች ሠርካዲስ ዋንጫ እያቀበለቻት፣ «ቦይ ጠባብ ነው። ያመመውም ሰው ይሻገረዋል።»

«አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሱ ጠበቃ የሆንሽው?»

ሠርካዲስ ወደ ጋኑ ተመለሰች። ሌሎቹም ማኅበርተኞች እየገቡ አግዳሚው ሞላ። ወሬው ግን ከነጋ አልወጣም። እንደ ሙት ነበር የሚያነሡት፤ ያውም እንደ ተጣሉት ሙት።

«የሆለታው ትዝ ይላችኋል?» አለ ሀብተ ማርያም። «ያ ዝናብ። ኮልፌ ላይ ጎማው ፈነዳ። እኔ ጨርሶለታል አልኩ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቢስክሌቱን እንደ ግንድ ተሸክሞ ሩጫ! በጭቃ፣ በባዶ እግሩ! ያ ተከታዩ ልጅ ፔዳል እየረገጠ ሊደርስበት አልቻለም።»

«አንተ አላለቀስክም እንዴ ያን ቀን?» አለው አንዱ።

«አለቀስኩ። ምን ይደረግ፣ አለቀስኩ። ስሙን መጮህ ያስፈራ ነበርና ሁላችንም ልደታ! ልደታ! እያልን ስንጮህ፣ ነጮቹ የሰፈር ስም የምንጠራ መስሏቸው አብረውን ሳቁ።» ዋንጫውን አስቀመጠ፤ ፊቱ ጠቆረ። «ለዚያ ነው ዛሬ የምጠላው። ምንም ሳያደርግልኝ ቢቀር ኖሮ አልጠላውም ነበር። አንጠልጥሎ አንጠልጥሎ ቁልቁል ለቀቀን።»

«ፈራ» አለ ሌላው። «ሌላ ምን ይሆናል? ሐበሻ ሐበሻውን ሲቀድም ጀግና ነበረ። ነጭ ሲመጣ ጉልበት ታመመ።»

«ፈራ ብቻ?» አለች ቦሰና። «ሸጠን እንጂ! አትወዳደር ብለው አንድ ነገር በእጁ ሳያደርጉለት ይቀራሉ? ለእነሱ ብሎ ጀመረ፣ ለእነሱ ብሎ ተወ። ከመነሻውስ ቢሆን ያ ቢስክሌት የማን ነበር? ሜዳልያውን ደረቱ ላይ ያንጠለጠለለት የማን እጅ ነው? እኔ አልናገርም፤ አፌን ይዤ ነው።»

«ቦሰና» አሉ መምሬ፣ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«ስንቅ ስትቋጥሪለት አልነበር?» አለ ሀብተ ማርያም።

«ሞኝ ነበርኩ! ወንድሜ ያስተማረው ልጅ ነው ብዬ። ሲነዳ ከኋላው ሳየው ትከሻው ፈቃደን ይመስለኝ ነበር።»

ሠርካዲስ ዳቦውን ለመቁረስ ያነሣችው ቢላዋ በእጇ እንዳለ ቀረ። ለእሷም አንድ ቀን ከአጥር ውጭ ሲያልፍ መስሏት ያውቃል፤ አንድም ለዚህ ነው ወጥታ ያላየችው።

መምሬ ተክለጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሙኝ። የተኳረፈ ሰው ጽዋ አይቀምስም፤ ደንባችን ነው። ሲመጣ ከጽዋው ፊት ትጠይቁታላችሁ፣ እሱም ይመልስላችኋል፣ ትታረቃላችሁ። አልታረቅም ያለ ይወጣል።»

«ትክክል ነው አባ» አለ ጴጥሮስ። «ጉልበቱ ደህና ከሆነ ለምን ተወ? ይህን ማወቅ አለብን። እኔ እንኳን ስለ ነጋ ቅር ብሎኝ ነው እንጂ ምን አገባኝ። በዚያ በኩልም ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ሹሙም በጣም ነው ያዘነው። እውነቱን ቢናገር ለሁላችንም ጥሩ ነው።»

ጴጥሮስ ይህን ሲል ንፍሮውን አንድ በአንድ ከመዳፉ እየለቀመ ይበላ ነበር። ሠርካዲስ ጣቶቹን አየች። በኅዳር የሙለታን በር ያሳየው የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለች።

ነጋ አሁን ይገባል። ይጠይቁታል። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ፣ ያንን ግትር አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሹሙ ያለውን ከነካቴናው ይናገራል። ሀብተ ማርያም ይደሰታል፤ ቦሰና ትስመዋለች፤ ጴጥሮስ ዋንጫውን ጨርሶ፣ አመስግኖ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ የሚሆነውን ታውቃለች። በአንድ ቤት ተሰብስበው ይህን የሰሙትንም ሁሉ አይለቋቸውም። ሬሳ ማጠብ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ይቅር ያላለችውንም ሰው ሬሳ ቢሆን ሁለተኛ ማጠብ አልፈለገችም።

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ጉልበቱን አላመመውም» አለች።

ሠርካዲስ በሰው መሐል ሳትጠየቅ ስትናገር ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያስተውኩት። ሰው ፊት ለመናገር አፍሮ ነው ጉልበቴን ያለው። እንድንጋባ ጠይቆኛል። እኔም ቢስክሌት የሚነዳ ባል አንድ ጊዜ ቀብሬአለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብርም፤ ከፈለግኸኝ ተው አልኩት። ተወ። በቃ፤ ሌላ ነገር የለም።»

ይህን ስትል ፊቷ ወደ ጴጥሮስ፣ ጀርባዋ ወደ ጽዋው ነበር። ጽዋው ፊት እንደምትዋሽ አውቃለች። በኋላ ለመምሬ ተናዝዤ የሚሰጡኝን ንስሐ እቀበላለሁ፣ ጥቂት ወር አልፎ ወሬው ሲቀዘቅዝም ሐሳባችንን ቀየርን እንላለን ብላ ነበር ያሰላችው።

«ምን?» አለች ቦሰና። «ምን አልሽ?»

መልስ ሳይመጣ ደጁ ጨለም አለና ነጋ ገባ። ከረጅም ቁመቱ ጎንበስ ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። ወደ ጽዋው ሄዶ ጨርቁን ሳመና እዚያው ቆመ።

ጴጥሮስ ከሁሉም ቀደመ። «ነጋ፣ እትዬ ሠርካዲስ ሁሉን ነግራናለች። አሁን ደግሞ ከአንተ አፍ እንስማው። ለምን ተውክ?»

ነጋ ወደ ሠርካዲስ ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዳችኝ ብሎ እንደሆነ ገባት። ብትናገር ጴጥሮስ ይጠረጥራል፤ ባትናገር ነጋ እውነቱን ያፈነዳዋል። አፉን ሲከፍት አየችው።

«እኔ…» አለ ነጋ፣ «ሹሙ…»

«አንተ አመዳም!» ቦሰና ዋንጫዋን ወርውራ ተነሣች፤ ጠላው ደረቱ ላይ ተረጨ። «አንተ ውለታ ቢስ! ቢስክሌቱ አልበቃ ብሎህ ሚስቱን? የወንድሜን ሚስት? ከነከሏ? ለዚህ ነው በየሰበቡ በዚህ ደጅ የምታልፈው? ላግባሽ ስትላት አላፈርክም? እሷስ! በአምስት ዓመት የምትበልጠውን ልጅ! ቢስክሌት ተውልኝ ብላ ስታስማማው አላፈረችም?»

«ቦሰና!» አሉ መምሬ።

«አይበቃኝም አባ! ሰፈሩን ሁሉ ያዋረደን ለአንዲት መበለት አልጋ ብሎ ነው!»

ነጋ ጠላውን ከደረቱ ሳይጠርግ ቆሞ ሰማ። ዓይኑ ከቦሰና ወደ ሠርካዲስ፣ ከሠርካዲስ ወደ ጴጥሮስ ሄደ። ሠርካዲስ ምን እንዳደረገች ሲገባው ከፊቱ ታየ። እሷም በልቧ፣ እውነት ነው በል፤ አንድ ቃል ብቻ በልና ይለቅ፣ አለች። ጽዋ ፊት አልዋሽም ያለውን ያን ጊዜ ዘንግታው ነበር።

«እውነት ነው?» አለ ጴጥሮስ።

ነጋ ወደ ጽዋው ተመልሶ እጁን ከጨርቁ ላይ አሳረፈ።

«አገባታለሁ» አለ። «ይኸው በእመቤቴ ፊት። ከፋሲካ በኋላ አገባታለሁ።»

ሠርካዲስ ከአግዳሚው ጠርዝ ተቀመጠች። ሳይዋሽ ወጣ። እሷ ለጥቂት ወር ብላ ያበጀችውን ውሸት ቃል ኪዳን አደረገው። ጽዋ ይዞ የገባውን ቃል የሚያፈርስ ሰው ከማኅበሩ ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይለያል። እሱም ይህን አውቆ ነው ያደረገው፤ ሌላ መውጫ አልነበረውምና።

«ለዚች ብሎ!» አለ ሀብተ ማርያም ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ሠርካዲስን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «እኔ ነጮቹ አስፈራርተውት ይሆናል ብዬ ሌሊት ሌሊት ሳዝንለት ከርሜ። ለካ ሴት ናት። አስቀያሚ ነገር ነው። ፈራ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

መምሬ ዳቦውን ባረኩ፤ ጽዋው ዞረ። ሁሉም ጠጣ። የጠጡት ግን ታርቀው አልነበረም፤ ደንቡ ስለሆነ ነው። ለሠርካዲስ ጽዋውን ያቀበለቻት ሴት ጣቷ እንዳይነካት በጨርቅ ይዛ አቀበለቻት። ጴጥሮስ ሲወጣ ነጋን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ሽማግሌ መላክ አለብህ። መምሬ አሉ፣ ጋሼ ሀብተ ማርያም አለ። ሦስተኛው እኔ እሆንልሃለሁ። እሑድ እንመጣለን።»

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነጋ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?» አለ።

«አንተን አተረፍኩ። አንተ ምን አደረግህ?»

«ጽዋ ፊት…»

«አውቃለሁ። ዝም በል።» ወደ ግቢው በር አይታ በንዴት ቀጠለች። «ሹሙ እሺ ውረድና ጠግን ሲልህ አንገትህን ደፍተህ ብትጠግን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ቤታችን ነበርን። ሰፈሩ አንድ ቀን ይሰድብህና ይረሳው ነበር።»

«አዎ» አለ ነጋ። «አሁን ይገባኛል። እርስዎ እንደሚጠሉኝ አውቃለሁ።»

«አልጠላህም። ላይህ ግን አልፈልግም። ደግሞ አንቺ በለኝ። ጴጥሮስ እርስዎ ስትል ቢሰማህ ይስቃል።»

እሑድ ሦስቱ ሽማግሎች መጡ። የሠርካዲስ ዘመዶች ያሉት ቡልጋ ነው፤ መንገዱ በተኩስ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ የምትሰጣት ቤተ ዘመድ ሆና የተጠራችው የባሏ እህት ቦሰና ናት። መጥታም ከሠርካዲስ ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ሽማግሎቹ እንደ ልማዱ ቆመዋል፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም።

መምሬ ተናገሩ። የነጋን ጠባይ አነሡ፤ ለፈቃደም ነፍስ ይማር አሉ። ሀብተ ማርያም ባርኔጣውን ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«አልሰጥም» አለች ቦሰና።

ሠርካዲስ ትንፋሿ መለስ አለላት። ይህን አላሰበችውም ነበር። ቦሰና እምቢ ካለች ቃሉን ያፈረሱት እሷና ነጋ አይደሉም። ይህ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከሏም ከላይዋ፣ ሐዘኗም ከእሷ ጋር ይቆያል። በልቧ ቦሰናን አመሰገነቻት።

«ልክ ነሽ እትዬ ቦሰና» አለ ጴጥሮስ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «እኔም አንቺን ብሆን አልሰጥም። እንግዲያው ጥሩ ነው፤ ጋብቻው ከቀረ ነጋም ቢስክሌቱን የሚያቆምበት ምክንያት የለም። ጉልበቱ ደህና ነው፣ ጊዜም አለ። ነገ ለሹሙ እነግርለታለሁ። ግንቦት ልደታ ይነዳል። ሰፈሩም ደስ ይለዋል።» ወደ ሠርካዲስ ዞሮ ፈገግ አለ። «አይደለም?»

ሀብተ ማርያም ቀና አለ። ዓይኑ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ ያ የድሮው ደስታ። ቦሰናም ሳትፈልግ ዞር አለች።

ሠርካዲስ አየቻቸው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ነጋን ወዴት እየጎተቱት እንደሆነ አያውቅም። ጴጥሮስ ግን ያውቃል፤ ወይም ለማወቅ ተቃርቧል። ነጋ ቢነዳ ወይ ይቀድማቸውና ይገድሉታል፤ ወይ አልነዳም ይልና ለምን ይሉታል።

ተነሣች። ቤቱን አቋርጣ ከቦሰና እግር ስር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ስጪኝ» አለች።

«ተነሺ።»

«ስጪኝ። ለምኜሻለሁ። እንደ እህትሽ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ አንድ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።»

ቦሰና ቁልቁል አየቻት። «ይህን ያህል? በሽማግሌ ፊት እስክትንበረከኪ ድረስ? ወንድሜ በሕይወቱ ሳለ እንኳ እንዲህ ስትሆኚለት አላየሁም።»

ሠርካዲስ የምትመልሰው ነበራት። ዋጠችው።

«ይህን ያህል» አለች።

«እንግዲያው ውሰዷት» አለች ቦሰና ለሽማግሎቹ። «ውሰዷት። ግን አንድ ነገር ስሚኝ አንቺ ሴት። ሙት ዓመቱን ከእንግዲህ የማወጣው እኔ ነኝ። መቃብሩ አጠገብ ዝር እንዳትዪ። ስሙንም በአፍሽ እንዳትጠሪ፤ እኔ ፊትም ሆነ ከኋላዬ። ከጠራሽው እሰማለሁ፣ እመጣብሻለሁ።»

መምሬ ሊሸመግሉ እጃቸውን አነሡ። ሠርካዲስ ግን ቀደመቻቸው።

«እሺ» አለች። «አልጠራውም።»

ቦሰና ነጠላዋን ሰብስባ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። የግቢው በር ሲዘጋ ሁሉም ሰሙ።

«እንግዲህ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ ጴጥሮስ። ቅር ያለው ይመስላል።

መልስ አግኝተዋልና ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ሠርካዲስ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች፤ ጠላ አመጣች፤ ለጴጥሮስ አስቀድማ ቀዳችለት፤ ጠጥቶ እስኪጨርስም ዓይኗን ከጣቶቹ ሳትነቅል በአጠገቡ ቆመች።